«ግፊቴን ያስነሳሽው አንቺ ነሽ!»

ይህን አነጋገር ሰምተው ያውቃሉ? ምናልባት እርስዎ ራስዎ ተናግረውት ይሆናል። በብዙ ቤት ይነገራል። ባል ከሥራ ደክሞ ይገባል። የቤት ኪራዩ፣ የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የዕድሩ መዋጮ በአንድ ምሽት ይነሣል። ድምፅ ከፍ ይላል፤ ሚስትም ትመልሳለች። በመጨረሻ እርሱ እጁን ግንባሩ ላይ ጭኖ «ተይኝ፤ ግፊቴን አታስነሺው!» ይላል። ነገሩም እዚያው ላይ ይዘጋል። ከዚህ በኋላ አንድ ቃል መጨመር ሰው እንደ መግደል ይቆጠራላ! በሌላው ቤት ደግሞ ተራው የሚስት ነው፤ «ይህን በሽታ የሰጠኸኝ አንተ ነህ» የምትለው እርሷ ናት።

ውድ አንባቢ፣ በዚህ ጽሑፍ ልንነጋገርበት የፈለግነው ስለዚህ ክስ ነው። የደም ግፊት ከየት ይመጣል? እውነት የትዳር ጓደኛችን ያመጣብናል? ወይስ ጥፋተኛው ሌላ ቦታ ተቀምጦ ሳለ እኛ ያልበደለ ሰው ይዘን እንካሰሳለን?

በቅርብ የማውቃቸው ባልና ሚስት አሉ። ስማቸውን አልጠቅስም፤ እኔ ጋሼና እትዬ እያልኩ ነው የምጠራቸው። ታሪካቸውን እንድጽፈው ፈቅደውልኛል። ጋሼ ግፊት እንዳለባቸው የታወቀው አርባ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ በገዛ ቤታቸው ድምፃቸውን አጠፉ። የልጁ የፈተና ውጤት ሲበላሽ ለአባቱ አይነገርም። ገንዘብ ሲጎድል ከእህታቸው ይበደራሉ እንጂ ለባላቸው ትንፍሽ አይሉም። አንድ ቀን በሴቶች የጸሎት ኅብረት ላይ «ባሌን እየገደልኩት ያለሁት እኔ ነኝ» ብለው አለቀሱ። የጋሼ ግፊት ግን በዚያ ሁሉ ጸጥታ መካከል አልወረደም። አንድ የነበረው ኪኒን ሁለት ሆነ፤ ቀጥሎም ሐኪማቸው ሦስተኛ ሊጨምሩ አሰቡ። ቤቱ ጸጥ ብሎ ሳለ ግፊቱ ለምን አልወረደም? ወደዚህ ኋላ እመለሳለሁ።

ስሙ ራሱ ያሳስታል

እናቶቻችንና አባቶቻችን ይህን በሽታ «ደም ብዛት» ይሉታል። ዛሬም ብዙ ሰው የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። ስሙን የሰማ ሰው ደሙ ከልክ በላይ የበዛ ወይም የወፈረ ይመስለዋል፤ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ የሚበላውም «ደሜን ያቀጥንልኛል» እያለ ነው። ግፊት ማለት ግን ደሙ በሚፈስበት ቧንቧ ግድግዳ ላይ የሚያሳርፈው ጫና ነው። የጓሮ አትክልት የሚጠጣበትን የውኃ ጎማ ያስቡ። ቧንቧውን አብዝተው ቢከፍቱት፣ ወይም የጎማውን ጫፍ በጣትዎ ቢያጠብቡት፣ ጎማው ይወጠራል። በሰውነታችንም ልብ አብዝታ ብትገፋ፣ የደም ቧንቧዎች ቢጠብቡ፣ ወይም በውስጣቸው ያለው ፈሳሽ ቢጨምር ግፊቱ ከፍ ይላል። (ይህን ስናይ «ደም ብዛት» ያሉት አባቶች ፈጽሞ ተሳስተዋል ማለትም አይቻልም።)

ሲለኩ የሚነገርዎት ሁለት ቁጥር ነው። የላይኛው ልብ ስትጨመቅ፣ የታችኛው ልብ ስታርፍ ያለው ግፊት ነው። 140/90 እና ከዚያ በላይ በተለያዩ ቀናት በተደጋጋሚ ከተገኘ በሽታ ይባላል፤ የአሜሪካ የልብ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ መስመሩን ወደ 130/80 ዝቅ አድርገውታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ 1.4 ቢሊዮን ሰዎች ግፊት እንዳለባቸው፣ ግፊቱን በቁጥጥር ሥር ያዋለው ግን ከአምስቱ አንዱ ያህል ብቻ እንደሆነ ገልጿል። በሀገራችን እ.ኤ.አ. በ2015 በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ከመቶ አዋቂዎች 16 ያህሉ ግፊታቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል።

እነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ ምንም አይሰማቸውም። «ራሴን ሲያመኝ ግፊቴ እንደተነሣ አውቃለሁ» የሚሉ ብዙዎች አሉ፤ አይታመኑ። ግፊታቸው 180 ሆኖ እየሳቁ መዝሙር የሚያስጠኑ አሉ፤ ራሳቸውን እየፈለጣቸው ግፊታቸው ደኅና የሆነም አሉ።

ንዴት የሚያደርገውና የማያደርገው

ስንቆጣ ግፊታችን እንደሚጨምር እውነት ነው። አድሬናሊን የሚባለው ቅመም ወደ ደም ይረጫል፤ ልብ ትፈጥናለች፤ ቧንቧዎች ይኮማተራሉ። ነገር ግን ደረጃ በሩጫ ስንወጣም፣ ከባድ ዕቃ ስናነሣም፣ የልጃችንን ሠርግ ቀን በደስታ ስንዘልም እንዲሁ ይሆናል። ንዴቱም ደስታውም ሲያልፍ ግፊቱ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ቦታው ይመለሳል። በሽታ የምንለው ይህን መውጣትና መውረድ አይደለም። ሰውየው አርፎ፣ ተረጋግቶ ተቀምጦ ሳለ ግፊቱ አልወርድ ሲል ነው በሽታ የሚባለው። እንግዲህ ማንም ሳያናድደው፣ በተኛበትም ጭምር ግፊቱ ከፍ ያለን ሰው ማን ነው ያስነሣበት?

ጭንቀት ምንም ድርሻ የለውም ማለቴ ግን አይደለም። ለዓመታት የቆየ ጭንቀት እንቅልፍ ይነሣል፣ ያለ ልክ ያስበላል፣ አንዳንዱንም ወደ መጠጥ ይወስዳል፣ የኪኒኑንም ሰዓት ያስረሳል፤ በእነዚህ በኩል ግፊትን ያባብሳል። ደግሞም ግፊቱ ከፍ ብሎ በቆየ ሰው ላይ ድንገተኛ ቁጣ አደጋ ሊጠራ ይችላል። ስለዚህ በቤታችን ሰላም መኖሩ መልካም ነው። የማልቀበለው አንዱ ሌላውን «አንተ ነህ ያመጣህብኝ» ብሎ መክሰሱን ነው።

አንድ ነገር ጣልቃ ላግባ። ታክሲ ተጋፍተን፣ ዳገት ወጥተን፣ ቡና ጠጥተን፣ ሽንታችንን ይዘን የተለካነው ግፊት እውነተኛውን አያሳይም። ቢያንስ አምስት ደቂቃ አርፈው፣ ጀርባዎን አስደግፈው፣ እግርዎን ሳያነባብሩ መሬት ላይ አድርገው፣ ክንድዎን በልብዎ ትክክል ጠረጴዛ ላይ አሳርፈው ይለኩ። ሲለኩም አያውሩ። ከአምልኮ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ነርሶች ሲለኩ ሰላምታ እየሰጡ ክንዳቸውን የሚዘረጉ ቅዱሳንን ብዙ ጊዜ ስላየሁ ነው ይህን ማለቴ።

ነገሩ ያለው ኩላሊት ዘንድ ነው

ሃሪ ጎልድብላት የተባለ ሐኪም በአሜሪካ በክሊቭላንድ ከተማ አንድ ሙከራ አደረገ፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1934 አሳወቀ። ውሾችን ወሰደና ወደ ኩላሊታቸው የሚገባውን የደም ቧንቧ በትንሽ መቆንጠጫ አጠበበው። ሙሉ በሙሉ አልዘጋውም፤ አጠበበው ብቻ። የውሾቹ ግፊት ወጣ፤ እንደ ወጣም ቀረ። ምክንያቱ ይህ ነው፤ ደም ያነሰው ኩላሊት በሰውነት ሁሉ ግፊት የወረደ ይመስለዋል። ስለዚህ ሬኒን የሚባል ቅመም ይለቃል። ይህም ሌሎች ቅመሞችን ይቀሰቅሳል፤ የደም ቧንቧዎች ይጠብባሉ፣ ጨውና ውኃ በሽንት እንዳይወጣ ይያዛል። ኩላሊቱ ራሱን ለማዳን ሲል መላውን ሰውነት ያስጨንቃል ማለት ነው። ዛሬ በየጤና ጣቢያው የሚታዘዘው ኢናላፕሪል የሚሠራው ይህንኑ ሰንሰለት በመሐል በመቁረጥ ነው።

ከዚህም የሚያስደንቀኝ እ.ኤ.አ. በ1983 በአሜሪካ የአላባማ ሐኪሞች ያሳተሙት ነው። ስድስት ሰዎች ነበሩ። ለዓመታት ምክንያቱ ያልታወቀ ግፊት ይዟቸው በመጨረሻ ኩላሊታቸውን አጠፋው። ኩላሊታቸው ወጥቶ ግፊት ከሌለባቸው ሰዎች የተገኘ ኩላሊት ተተከለላቸው። በአማካይ ከአራት ዓመት ተኩል በኋላ ሲመረመሩ ግፊታቸው ያለ ምንም የግፊት መድኃኒት ደኅና ሆኖ ተገኘ። ልብ ይበሉ፤ ንቅለ ተከላው የቀየረው ኩላሊታቸውን እንጂ ትዳራቸውን አልነበረም።

ታዲያ ጤነኛ በሚመስል ሰው ኩላሊት ውስጥ ምን ተበላሽቶ ነው? ኩላሊት የሰውነት ጨው ጠባቂ ነው። ብዙ ጨው ስንበላ ተርፎ የመጣውን ማስወጣት አለበት። በአንዳንድ ሰው ይህን በቀላሉ ያደርገዋል። በሌላው ግን ጨው ለማስወጣት ከፍ ያለ ግፊት ያስፈልገዋል፤ ግፊቱ ካልጨመረ ጨውን አይለቅም። ይህ ጠባይ በከፊል ከወላጅ ይወረሳል፤ በከፊል ደግሞ ከዕድሜ፣ ከውፍረትና ከአመጋገብ ጋር ይመጣል። ለዚህ ነው ሐኪሞች ግፊት ካለባቸው ሰዎች በአብዛኞቹ፣ ከመቶ በዘጠናዎቹ ያህል፣ ይህ ነው ብለው በጣት የሚያሳዩት አንድ ምክንያት የማያገኙት። ብዙ ትንንሽ ነገሮች ተደማምረው ነው።

«አስፈላጊ» የተባለው ግፊት

ምክንያቱ የማይታወቀውን ግፊት የድሮ ሐኪሞች ለሰውየው «አስፈላጊ» ነው ይሉት ነበር። በጠበበ ቧንቧ ደም እንዲያልፍ ግፊቱ ግድ ነው፣ ቢወርድ ይጎዳል ብለው ያምኑ ነበርና። የዚህን ዋጋ ከከፈሉት አንዱ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1937 ግፊታቸው 162/98 ነበር፤ ማንም አልደነገጠም። በመጋቢት 1944 አንድ ወጣት የልብ ሐኪም ሲመረምራቸው 186/108 ሆኖ፣ ልባቸውም ደክሞ አገኘው። በየካቲት 1945 ከቸርችልና ከስታሊን ጋር በያልታ ሲቀመጡ 260/150 ደርሶ ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1945 ከራሳቸው ኋላ ኃይለኛ ሕመም ተሰማቸውና ወደቁ፤ ግፊታቸው 300/190 ነበር። የዚያኑ ዕለት በ63 ዓመታቸው አረፉ። በዓለም ላይ ከሁሉ የሚሻል ሕክምና ያገኛሉ ተብለው የሚታሰቡ ሰው ነበሩ፤ ያን ጊዜ ግን ዛሬ በየፋርማሲው በርካሽ የምናገኘው ኪኒን አልነበረም። የመጀመሪያው ጥሩ የሽንት ኪኒን የወጣው ከዚያ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። እኛ መድኃኒቱ ተገኝቶልን ሳለ በሩዝቬልት ዘመን እንደነበሩ ሰዎች እየሞትን ነው።

ወደ ማዕድ ቤት እንግባ

በብራዚል ጫካ ያኖማሚ የሚባሉ ሕዝቦች ይኖራሉ። ምግባቸው ላይ ጨው አይጨምሩም። እ.ኤ.አ. በ1988 ውጤቱ በታተመውና በ32 አገሮች በተደረገው ትልቅ ጥናት የእነርሱ አማካይ ግፊት 96/61 ያህል ነበር፤ ዕድሜያቸው ሲጨምርም አይጨምርም። «ሲያረጁ ግፊት መቼም አይቀርም» የምንለው እንግዲህ ለሰው ሁሉ እውነት አይደለም።

«እነርሱ ሌላ ዘር ናቸው» ይሉ ይሆናል። እሺ፣ ወደ ጎረቤታችን ኬንያ እንሂድ። ከቪክቶሪያ ሐይቅ አጠገብ ከገጠር ወደ ናይሮቢ የፈለሱ የሉዎ ተወላጆችን ተመራማሪዎች ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1990 ጽፈዋል። ከተማ በገቡ በጥቂት ወራት ውስጥ ግፊታቸው በገጠር ከቀሩት በለጠ። በሽንታቸው ሲመረመር ጨው ጨምሯል፤ ከአትክልትና ከፍራፍሬ የሚገኘው ፖታሲየም ደግሞ ቀንሷል። ክብደታቸውም ጨምሯል። ዘራቸው ያው ነው፤ የተለወጠው ኑሯቸውና ማዕዳቸው ነው። ከገጠር አዲስ አበባ የገቡ ወላጆችዎን፣ ወይም በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ዘመዶችዎን ያስቡ። በጤና ሄደው ከጥቂት ዓመታት በኋላ የግፊት ኪኒን የያዙ የሉም?

የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይበቃል ይላል። አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው፤ በቀኑ ሁሉ ምግብ ውስጥ ያለው ተደምሮ ማለት ነው። በሀገራችን በዚያው በ2015ቱ ጥናት በአማካይ ከ8 ግራም በላይ እንደምንበላ ተገምቷል። ከየት መጣ? ከእንጀራው አይደለም። በርበሬው ሲደለዝ ጨው ገብቶበታል። ወጡ ሲሠራ ይጨመራል። ሚጥሚጣው ጨው አለበት፤ ቋንጣው በጨው ነው የደረቀው። ዳቦው ጨው አለው። አሁን አሁን ደግሞ ወጥ ያጣፍጣል ተብሎ የሚጨመረው ኩብ አለ፤ አብዛኛው ጨው ነው። በአንዳንድ አካባቢ ቡናውም በጨው ይጠጣል። ይህ ሁሉ ሆኖ ማዕድ ላይ ጨው የሚጠይቅ አባወራ አይጠፋም!

እዚህ ላይ ለእናቶችና ለእኅቶች አዝናለሁ። ጨው ያነሰው ወጥ ያቀረበች ሴት ሙያ እንደሌላት ትታማለች፤ እንግዳ ፊት ታፍራለች። ስለዚህ «ጨው ቀንሱ» የሚለው ምክር ለእርሷ ብቻ ከተነገረ ከንቱ ነው። ቤተሰቡ በሙሉ መስማት አለበት። ምላስ ይለምዳል፤ ጥቂት ሳምንት በቀስታ ከቀነሱት በኋላ የድሮውን ወጥ ቢቀምሱት ይጎመዝዝዎታል። ለግፊተኛው ብቻ በትንሽ ድስት ለብቻ መሥራትን ግን አልመክርም። ልጆቹም የዚያው ኩላሊት ወራሾች ናቸውና። ጎመን፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ድንች፣ ሙዝና አቮካዶ ፖታሲየም አላቸው፤ ይህም ኩላሊት ጨውን እንዲለቅ ይረዳዋል። ኩላሊታቸው የታመመ ሰዎች ግን ፖታሲየም ሊጎዳቸው ስለሚችል ሐኪማቸውን ሳይጠይቁ አያብዙ።

ስለ ውፍረት፣ ስለ መጠጥ፣ ስለ ጫትና ሳይንቀሳቀሱ ስለ መዋል ብዙ ሰምታችኋልና አላሰለቻችሁም። ሁሉም ግፊት ይጨምራሉ። ሲጋራም ቧንቧን ያበላሻል።

ምስክሩ አጠገብዎ ተኝቷል

ከመቶ በጥቂቶቹ ግን ግፊቱን ያመጣው አንድ የሚታወቅ ምክንያት ይገኛል። ያ ምክንያት ከተወገደ ግፊቱ ሊድን ወይም በብዙ ሊቀልል ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ይህን ምክንያት ለማግኘት የሚረዳው ሰው ደግሞ ከሐኪሙ ፊት የተቀመጠው ሕመምተኛ ሳይሆን የትዳር ጓደኛው ነው።

ለምሳሌ ማንኮራፋት። ባልዎ በኃይል ያንኮራፋሉ፣ ከዚያ ድንገት ጸጥ ይላሉ፣ ትንፋሻቸው ለብዙ ሰከንድ ይቆማል፣ ከዚያ እንደ ታነቀ ሰው ሆነው ይተነፍሳሉ? ቀን ደግሞ ስብከት ላይ ሳይቀር ያንቀላፋሉ? ይህ በእንቅልፍ ጊዜ የአየር መንገድ የመዘጋት ሕመም ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሰውነት በአየር እጥረት ይደነግጣል፤ ግፊቱም ቀን አብሮ ከፍ እንዳለ ይውላል። ሰውየው ይህን አያውቅም፤ ተኝቷል። የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ለሐኪሙ ይንገሩ። (ሚስቶችም ያንኮራፋሉ፤ ባሎች ግን ይህን ለመናገር የሚደፍሩ አይመስለኝም።)

ሁለት ሆርሞን የያዘው የእርግዝና መከላከያ ኪኒን በአንዳንድ ሴቶች ላይ ግፊት ይጨምራል፤ በሌላ ዘዴ መለወጥ ይቻላል። በእርግዝና ጊዜ ከአምስተኛው ወር አካባቢ ጀምሮ የሚመጣ ግፊት ደግሞ እናትንም ልጅንም የሚገድል ነው። ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከጎድን አጥንት ሥር ሕመም፣ የፊት እብጠት ካለ እስከ ቀጠሮው ቀን አይጠበቅም፤ በዚያው ሌሊት መሄድ ነው። እንዲህ ዓይነት እርግዝና ያሳለፈች እናት ከወለደች በኋላ ግፊቷ ቢወርድም ወደፊት የመመለስ ዕድሉ ከሌሎች ሴቶች ይበልጣልና በየዓመቱ ትለካ።

ከኩላሊት በላይ እንደ ቆብ የተቀመጡ ሁለት ትንንሽ እጢዎች አሉ። ጄሮም ኮን የተባለ የሚሺጋን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1955 አንዲት የ34 ዓመት ሴት ታሪክ አቀረበ። ግፊት ነበራት፤ ጡንቻዋም ይዝልና ይኮማተር ነበር። ከእጢዋ ላይ የበቀለው ዕባጭ ጨው የሚያስይዝ ሆርሞን ያመርት ነበር፤ ሲወጣላት ተሻላት። ይህ ሕመም ለረጅም ጊዜ ብርቅ ነው ሲባል ኖሮ ዛሬ ግን ከታሰበው እጅግ የበዛ መሆኑ ታውቋል። ሦስት ዓይነት መድኃኒት እየወሰዱ ግፊታቸው የማይወርድ፣ ወይም ከ30 ዓመት በታች ሆነው ግፊት የጀመራቸው፣ ወይም ለዓመታት ደኅና ቆይቶ በድንገት የባሰባቸው ሰዎች «ሌላ ምክንያት ይኖር ይሆን?» ብለው ሐኪማቸውን ሊጠይቁ ይገባል። ጥያቄው ድፍረት አይደለም። ፊትና እግር የሚያብጥ፣ ሽንቱ አረፋ የሚያበዛ ሰውም ኩላሊቱ ይመርመር።

አሁን ወደ ጋሼና እትዬ ልመለስ። ሐኪሙ ሦስተኛውን ኪኒን ከመጻፋቸው በፊት «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብለው ጠየቁ። ጋሼ «የለም» አሉ። እትዬ ከበሩ አጠገብ ወንበር ላይ ዝም ብለው ተቀምጠዋል፤ ዝምታ ለምደዋልና። ከዚያ ግን ቦርሳቸውን ከፍተው አንድ ፓኮ አወጡ። «ይህስ?» አሉ። ዳይክሎፌናክ ነበር። ጋሼ ለወገብ ሕመማቸው ለሰባት ዓመት ከፋርማሲ እየገዙ በየቀኑ ይውጡት ነበር። «እሱማ የወገብ ነው!» አሉ ጋሼ ተገርመው። የወገብ ነው፤ ግን ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፊንና የመሳሰሉት ማስታገሻዎች ኩላሊት ጨውና ውኃ እንዲይዝ ያደርጋሉ፤ የግፊት መድኃኒቱንም ሥራ ያከሽፋሉ። ሐኪሙ አስቆሙት፤ ለወገባቸውም ፓራሲታሞልና እንቅስቃሴ አዘዙ። በሳምንታት ውስጥ ግፊታቸው ወረደ። ፈጽሞ አልዳኑም፤ ሦስተኛው ኪኒን ግን አላስፈለገም። እትዬ ከሐኪም ቤቱ ሲወጡ «ያ ሁሉ ዓመት እኔ ነኝ ብዬ…» ብለው ሳይጨርሱት ቀሩ።

ሁለት የሚደበቁ ነገሮች

የመጀመሪያው፣ «ተጸልዮልኝ ድኛለሁ» ብሎ ኪኒኑን መጣል ነው። እግዚአብሔር እንደሚፈውስ እናምናለን፤ ስለዚህ አልከራከርም። ነገር ግን ጌታ ለምጻሞቹን ወደ ካህናት ሄደው እንዲታዩ ነበር የላካቸው። የተፈወሰ ሰው መታየትን አይፈራም። ስለዚህ ከጸሎቱ በኋላ ይለኩ፤ ደጋግመው ይለኩ፤ መድኃኒቱን የሚቀንሰው ወይም የሚያስቆመው የሚያክምዎ ሐኪም ይሁን። ግፊት ሲመለስ አይሰማምና «ደኅና ነኝ» ማለት ማስረጃ አይሆንም። አንዳንዶቹን መድኃኒቶች በድንገት ማቋረጥ ራሱ አደጋ አለው። በጾም ጸሎት ቀንም ኪኒኑን በምን ሰዓት እንደሚወስዱ አስቀድመው ይጠይቁ። በዚህ ምክንያት አንድ ጎናቸው ሽባ ሆኖ የቀሩ አገልጋይ አውቃለሁ። ከመድረክ ሆነው «ኪኒንህን ጣል» የሚሉ ወንድሞች እኚህን አገልጋይ ሄደው ቢጠይቁ ደስ ይለኛል።

ሁለተኛው የመኝታ ቤት ጉዳይ ነው። አንዳንድ የግፊት መድኃኒቶች የወንዱን አቅም ሊያደክሙ ይችላሉ። ባል ያፍራል፤ ለሚስቱም ለሐኪሙም አይናገርም፤ ኪኒኑን በድብቅ ይተዋል። ሚስት ደግሞ የጠላት ወይም ሌላ ሴት የያዘ ይመስላታል። ያልታከመው ግፊት ራሱ ቧንቧዎችን አበላሽቶ ይህንኑ ችግር ያመጣል፤ ስለዚህ መተው መፍትሔ አይደለም። መድኃኒቱን የሚለውጡ ሐኪሞች አሉ፤ ዓይነቱ ብዙ ነው። ልጅ ለመውለድ የምታስብ እኅት ደግሞ ኢናላፕሪልና የመሳሰሉት በእርግዝና ጊዜ ጽንሱን ስለሚጎዱ አስቀድማ ትለወጥ።

ባለፈው ቅዳሜ ጋሼ ቤት ለምሳ ተጠርቼ ነበር። ከበር ሳልገባ ድምፃቸውን ሰማሁ፤ እየተጨቃጨቁ ነው። ለካስ የትምህርት ቤት ክፍያ ጨምሯል፤ እትዬ ከነገሩ ወዲያ ወዲህ ሳይሉ ነግረዋቸው ጋሼ ቆጣ ብለዋል። ገባሁና ተቀመጥኩ። ሽሮው ቀረበ። ጋሼ አንድ ጉርሻ ጎረሱና «አንቺ፣ ይሄ ነገር ጨው የለውም» አሉ።

«የለውም» አሉ እትዬ፣ እንጀራውን እየጨመሩልኝ።